የሰዓት ሠሪ መሣሪያዎችን ማን ያድናቸው?

እ.ኤ.አ. በ1975 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በስዊዘርላንድ የጁራ ተራሮች መካከል በምትገኘው ሌ ሎክል ከተማ፣ በዜኒት የሰዓት ፋብሪካ የሚሠሩ ሻርል ቬርሞ የሚባሉ አንጋፋ ባለሙያ አልዋጥ ያላቸው ትእዛዝ ደረሳቸው። ፋብሪካው ከአራት ዓመት በፊት ለአንድ የቺካጎ የሬዲዮና ቴሌቪዥን አምራች ተሽጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች በሞላ የሚሠራ ሰዓት ዘመኑ አብቅቷል ብለው ስላመኑ፣ ከእንግዲህ ባለባትሪው የኳርትዝ ሰዓት ብቻ እንዲመረት፣ የቀድሞው ሥራ ማሽንና መሣሪያም በብረትነቱ ተመዝኖ እንዲሸጥ ወሰኑ። ቬርሞ የሚሠሩበት ክፍል ኤል ፕሪሜሮ የተባለውን፣ በ1969 ይፋ የሆነውንና የሰከንድን አንድ አሥረኛ መለካት የሚችለውን የሰዓት ሞተር የሚያወጣ ነበር። መሣሪያው ቢያንስ ይቀመጥ ብለው ለአለቆቻቸው ጻፉ፤ የሚሰማቸው አላገኙም። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ከሰው ዓይን ተሰውረው፣ መቁረጫዎቹን፣ ቅርጽ ማውጫዎቹንና የሥራ ሰነዶቹን ጥቂት በጥቂት ወደ ፋብሪካው ጣሪያ ሥር አወጡ። በየዕቃው ላይ መለያ ለጠፉ፤ የቱ ለየትኛው ሥራ እንደሆነም በደብተር መዘገቡ። ፋብሪካው ባለቤት ቀይሮ በሞላ ወደሚሠራ ሰዓት ሲመለስ ያ ጣሪያ ሥር ተከፈተ። በ1984 ኤል ፕሪሜሮ እንደገና መመረት ጀመረ። ከ1988 እስከ 2000 ድረስ ሮሌክስ ራሱ ዳይቶና ለተባለው ሰዓቱ ይህንኑ ሞተር አሻሽሎ ተጠቅሞበታል።

የሰዓት ወዳጆች ይህን ታሪክ የሚያወሩት እንደ ጀብዱ ነው። እኔ ግን ለአንድ ክርክር ማስረጃ አድርጌ ነው የማነሣው። ቬርሞ አንድ ሣጥን ሙሉ ያለቀላቸው ሰዓቶች ሸሽገው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሰብሳቢዎች በጨረታ የሚሻሙባቸው ጥቂት ውድ ዕቃዎች ይኖሩን ነበር፤ በ1984 ግን ማንም አዲስ ኤል ፕሪሜሮ ሊሠራ አይችልም ነበር። እንጀራው ቢያልቅ እርሾው ካለ ነገም ይጋገራል፤ ቬርሞ ያተረፉት እርሾውን ነው። አንድ ሙያ ራሱን የመተካት አቅሙ የሚኖረው በመሣሪያውና መሣሪያውን ሠርቶ በሚያድሰው እጅ ውስጥ ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜያቸው ያረጀ የሰዓት ሠሪ መሣሪያ ገዝተው የሚያድሱ፣ የጎደለውን ራሳቸው ሠርተው የሚያሟሉ ሰዎች የጊዜ ማሳለፊያ ብለው የጀመሩት ነገር ለሙያው ከሰዓት ሰብሳቢነት እጅግ የላቀ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነት የሚቃወሙ ጠንካራ ክርክሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ እውነትነት ስላላቸው በየተራ አነሣቸዋለሁ።

መጀመሪያ መሣሪያው ከየት እንደመጣ እንይ። ሴይኮ ዲሴምበር 25 ቀን 1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት በጃፓን ለገበያ አቀረበ። በ1970 ወደ 90,000 ይጠጋ የነበረው የስዊዘርላንድ ሰዓት ኢንዱስትሪ ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ጀርባ የሥራ ጠረጴዛ ነበር፤ በየጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ከአባትና ከአስተማሪ የተወረሱ መሣሪያዎች። በእንግሊዝ የላንካሸር ሰዓት ሠሪ መንደሮች፣ በአሜሪካ ዋልተም፣ በጀርመን ኤስሊንገንና ፍራንክፈርት የተሠሩ ዕቃዎች በየአገሩ ሰዓት ሠሪ ቤት ገብተው ነበር። ሽማግሌው ሲሞት ወይም ሱቁ ሲዘጋ ወራሾች ምን እንደሆነ የማያውቁትን ትንንሽ ብረት በጅምላ ሸጡት። ከፊሉ ቀለጠ። ከፊሉ በቅዳሜ ገበያና በጨረታ ቤት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ቆየ። ዛሬ ያንን የሚያነሡት አብዛኞቹ ሰዓት ሠሪዎች አይደሉም፤ መሐንዲሶች፣ መምህራን፣ ነርሶች፣ ጡረተኞች ናቸው።

የአንዳቸውን የሥራ ቦታ ያየ የሌሎቹንም አየ ማለት ይቻላል። ክርን እንዲያርፍበት እስከ ደረት ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ ዝቅ ተደርጎ የተጠጋ መብራት፣ ዓይን ላይ የሚሰካ ማጉያ መነጽር፣ ወረንጦ፣ የካቻቢቴ ስብስብ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሞርሳ። መሐሉ ላይ ዝገት ያለበሰው፣ ዘይቱ ደርቆ የተጋገረበት፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቶርኖ ተቀምጧል። ባለቤቱ ለብዙ ምሽት ምንም አይቆርጥም፤ ያጸዳል፣ ይለካል፣ ፎቶ ያነሣል፣ የፈታውን ብሎን በቅደም ተከተል በሣጥን ይደረድራል። ሥራው ከውጭ ሲታይ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ይመስላል። እውነቱ ግን ያ ሰው አንድ ሙሉ የማሽን ቤት ትምህርት በትንሹ እየተማረ ነው።

ብዙዎቹ የሚጀምሩበትን ሥራ ልውሰድ። ሰዓት ሠሪ ባለጥርሱን መዘውር ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቅበት፣ ያጣበቀውንም ሳያጣምም የሚያላቅቅበት መሣሪያ አለ። ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀዳዳ ያለው የብረት ቅስት፣ ከሥሩ የተለያየ ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ዙሪያውን የተደረደሩበት ሰሌዳ፣ ከጎኑ ደግሞ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በየመጠናቸው የቆሙ ቀጫጭን መምቻዎች አሉት። በኒው ሃምፕሸር ግዛት በሌባነን ከተማ ኬንድሪክ እና ዴቪስ የተባለው ድርጅት የሠራቸው ስብስቦች ዛሬም የሚፈለጉ ናቸው። ለገበያ የሚወጣው አሮጌ ስብስብ ግን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ጥቂት መምቻ የጎደለው ነው፤ የጎደለው ደግሞ በብዛት የሚያገለግለው ነው። ስለዚህ አዳሹ ይሠራል። ካርቦን ያለበትን አረብ ብረት በቶርኖ ያቀጥናል፣ መሐሉን ይበሳል፣ አፉን ያስተካክላል። ከዚያ ቀይ እስኪሆን፣ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪጠጋ ያግለዋል፤ በዘይት ውስጥ ይነክረዋል። አሁን ብረቱ እጅግ ጠንክሯል፤ ግን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ እስኪያብለጨልጭ ይጠርገውና ቀስ አድርጎ ያሞቀዋል፤ 230 ዲግሪ አካባቢ ላዩ ላይ የገለባ ቢጫ ይታያል። ቢጫው ወደ ቡኒ፣ ከዚያም 300 አካባቢ ወደ ሰማያዊ ይሻገራል። ለመምቻ የሚፈለገው ቢጫው ነው፤ እጁ በቅጽበት ካልፈጠነ አልፎት ይሄዳል፤ ያኔ እንደገና ማጋል፣ እንደገና መንከር ነው። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ቢጫውን በጊዜው መያዝ ግን ዓይንና እጅ አብረው የሚማሩት ነው። መምቻው ሲያልቅ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ተሞልቷል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መምቻ መሥራት የሚችል አንድ ተጨማሪ ሰው በዓለም ላይ አለ።

ሌላም መሣሪያ አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው፤ የሁለት ባለጥርስ መዘውሮችን ርቀት የሚወስነው። በሰዓት ውስጥ አንድ ትልቅ ባለጥርስ መዘውር ትንሿን ያዞራል። ሁለቱ ከተጠጋጉ ይያያዛሉ፣ ከተራራቁ ይንሸራተታሉ፤ ልዩነቱ ዓይን የማያየው ነው። መሣሪያው በማጠፊያ የተገናኙ ሁለት የናስ ጎኖች አሉት፤ በየጎኑ ጫፋቸው የሾለ ቀጭን ዘንጎች ይንሸራተታሉ። ሁለቱን መዘውሮች በዘንጎቹ መካከል አስቀምጦ፣ አንዱን ብሎን እያጠበቀ፣ ጥርሶቹ ሳይንገራገጩ እስኪዞሩ ድረስ ያቀራርባቸዋል። ከዚያ በሾሉት ጫፎች ያንኑ ርቀት በሰዓቱ ሰሌዳ ላይ ይጭረዋል። ሂሳብ የለም፣ ሥዕል የለም፤ ርቀቱ ከጥርሶቹ ከራሳቸው ይወሰዳል። ታዲያ አንድ መቶ ዓመት ያለፈው መሣሪያ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? በራሱ። በአንዱ ወገን ጫፎች ናስ ላይ ቅስት ይጫራል፤ መሣሪያው ተገልብጦ በሌላው ወገን ጫፎች ከዚያው ነጥብ ተነሥቶ እንደገና ይጫራል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ካረፉ ዘንጎቹ ትይዩ ናቸው፤ ካላረፉ አዳሹ ስህተቱ የት እንዳለ አውቆ ማረም ይጀምራል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1840 ስለ ፍጹም ዝርግ ሰሌዳ አሠራር ያቀረቡት ትምህርትም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ሦስት ሰሌዳዎችን ተራ በተራ እርስ በርስ እያነጻጸሩ ጉብታቸውን ቢፍቁ፣ ምንም መለኪያ በሌለበት ሦስቱም ዝርግ ይሆናሉ። ትክክለኛነት ከፋብሪካ የሚገዛ ብቻ ሳይሆን ከባዶ ሊወለድ የሚችል ነገር መሆኑን እነዚህ ዕቃዎች በተግባር ያሳያሉ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል፤ ቀላል አይደለም። በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን እያለ ለምን በእጅ? ዘመናዊው ማሽን የሚሊሜትርን አንድ ሺኛ ይጠብቃል፤ አይደክምም፣ ሺህ ተመሳሳይ ክፍል ያወጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሺህ ክፍል ለሚፈልግ ሰው ሌላ ምርጫ የለም። ነገር ግን ትክክለኛነት የኮምፒውተር ልጅ አይደለም። ሰዓት ሠሪው አንትዋን ሌኩልትር የሚሊሜትርን አንድ ሺኛ የሚለካ መሣሪያ የሠሩት በ1844 ነው፤ ስማቸውን የተሸከመው ድርጅትም የተነሣው ሌኩልትር ትንንሽ ባለጥርስ ዘንጎችን የሚቆርጥ ማሽን ከፈጠሩ በኋላ ነው። መሣሪያው ቀደመ፣ ሰዓቱ ተከተለ። ደግሞም በደጋን የሚዞረውን ጥንታዊ ቶርኖ አሠራር የተመለከተ ሰው ከቀላልነቱ ጀርባ ያለውን ብልሃት ያስተውላል። የሚቆረጠው ዘንግ በሁለት በማይንቀሳቀሱ ጫፎች መካከል ይያዛል፤ የደጋኑ የፈረስ ጭራ ዘንጉ ላይ በተገጠመች ትንሽ መዘውር ይጠመጠማል፤ ደጋኑ ሲወርድ ስለቱ ይቆርጣል፣ ሲወጣ ያርፋል። ዘንጉ የሚዞረው በራሱ ሁለት ማዕከሎች ላይ ስለሆነ፣ የማሽኑ መሸከሚያ ቢያረጅ ወይም ቢላላ ስህተቱ ወደ ሥራው አይተላለፍም፤ ሊላላ የሚችል የሚሽከረከር መሸከሚያ ከነጭራሹ የለውም። የሰዓት ሚዛን መዘውር ዘንግ ጫፉ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ከሰው ፀጉር ብዙም የማይወፍር። በአብዛኞቹ አሮጌ ሰዓቶች ውስጥ መዘውሩ በዚያ ጫፍ ላይ ሆኖ በሰከንድ 5 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ይመታል። ያንን ጫፍ የሚያለሰልሰው የዣኮ መሣሪያ ብረቱን አይፍቅም፤ ጫፉን በጠንካራ ጎድጓዳ ላይ አስተኝቶ ጠንክሮ ላዩ በለሰለሰ ጠፍጣፋ ብረት እየተጫነ ላዩን ያጠነክረዋል። አንድ ተራ የኪስ ሰዓት፣ ሥዕሉ የጠፋ፣ ፋብሪካው የፈረሰ፣ ጫፏ የተሰበረ አንዲት ዘንግ ሲኖረው፣ ለዚህች አንዲት ዘንግ ፕሮግራም ጽፎ ማሽን ከማዘጋጀት ይልቅ በእጅ ቶርኖ መቁረጥ ይቀላል። ሁለቱ መንገዶች የሚወዳደሩ አይደሉም፤ ለተለያየ ጥያቄ የተለያየ መልስ ናቸው።

የብሎኑን ነገርም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ከመሣሪያ ማደስ ሥራ ሁሉ የሚያሰለቸውም የሚያስተምረውም እሱ ነውና። ዛሬ ሱቅ የሚገኘው ብሎን የአሮጌውን መሣሪያ ቀዳዳ አይገጥምም። የጄኔቫው ማርክ ቱሪ በ1878 ለስዊዘርላንድ ትንንሽ ብሎኖች አንድ ወጥ ሥርዓት አቀረቡ፤ እንግሊዞችም ያንን መሠረት አድርገው የራሳቸውን በ1884 አወጡ። ከዚያ በፊት፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በኋላ፣ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ጥርስ ይቆርጥ ነበር። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ብሎን የጠፋችበት ሰው መጀመሪያ የጥርሱን ርቀት ይለካል፣ ከዚያ ጥርስ ማውጫውን ራሱን ከአረብ ብረት ይሠራል፣ ያጠነክረዋል፣ በመጨረሻ በእሱ ብሎኑን ይቆርጣል። አቋራጩ ቀዳዳውን አስፍቶ ዘመናዊ ብሎን መክተት ነው። ያ መንገድ ግን የሠሪውን ማንነት የሚናገረውን ማስረጃ ያጠፋል።

ይህ ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ ይወስደናል፤ እኔ ከሁሉ የምቀበለው እሱን ነው። ሙያው የሌለው አዳሽ ከዝገት የባሰ ጥፋት ያደርሳል ይላሉ የሙዚየም ሰዎች። ልክ ናቸው። በሞተር የሚዞር ማለስለሻ ላይ የተጠጋ አሮጌ መሣሪያ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያብረቀርቃል፤ በዚያው አምስት ደቂቃ ጠርዞቹ ይድቦለቦላሉ፣ የልኬት መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፣ የሠሪው ስም ይጠፋል። ዝገት ለማስለቀቅ ጠንካራ አሲድ ውስጥ የተነከረ የጠነከረ ሞላ ከብረቱ ጋር በሚዋሐደው ሃይድሮጂን ምክንያት ተሰባሪ ይሆናል፤ ንጹሕ መስሎ ተገጥሞ በኋላ ይሰበራል። ያልለካ ሰው የቶርኖውን መሸከሚያ አለስልሳለሁ ብሎ ቢፍቀው የማሽኑ ዋጋ አብሮ ተፈቀ። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ “አትንኩት” የሚል አይደለም። ያልተነካው መሣሪያ በብዛት የሚሄደው ወደ ሙዚየም ሳይሆን ወደ ማቅለጫ ነው፤ የማንኛውም ሙዚየም መጋዘን የአንድን ሙያ መሳቢያ ሁሉ አይችልም። የሚሻለው አዳሹን ማስተማር ነው፦ ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሣ፤ ለስላሳውን ዘዴ ሳትሞክር ወደ ጠንካራው አትሂድ፤ ዝገቱን አንሥተህ ብረቱን ተው፤ የተካኸውን ክፍል ምልክት አድርግበት፤ የድሮውን ክፍል አትጣል። ይህን የሚያከብር የትርፍ ጊዜ ባለሙያ ደመወዝ የማይከፈለው የቅርስ ጠባቂ ነው፤ የማያከብረውን ደግሞ መውቀስ ተገቢ ነው።

“ሙዚየም ያስቀምጥልን፣ ቪዲዮ ይቅረጽልን፣ መጽሐፍ ይጻፍልን፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?” የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። መጽሐፍን አላሳንስም። በማን ደሴት ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ (1926–2011) ሰዓትን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው እጅ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። የፈጠሩትን ኮአክሲያል የተባለ አሠራርም ኦሜጋ በ1999 ለገበያ አውጥቶታል። በ1981 ያሳተሙት የሰዓት ሥራ መጽሐፍም መሣሪያዎቹን ጭምር ያስተምራል። ሰዓት ሠሪው ሮጀር ስሚዝ ያንን መጽሐፍ እየተከተሉ የኪስ ሰዓት ሠርተው ለዳንኤልስ ሲያሳዩ ግን የተሰጣቸው መልስ እንደገና ጀምር የሚል ነበር፤ ዓመታት ወስደው የሠሩት ሁለተኛው ነው ተቀባይነት ያገኘው። መጽሐፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በመሣሪያ ላይ ዓመታት ያሳለፈው እጅ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። በ1901 በግሪክ አንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ ከባሕር ከወጣ የመርከብ ስብርባሪ ውስጥ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ባለጥርስ የሥነ ፈለክ መሣሪያ መገኘቱን ብዙ አንባቢ ያውቃል። ክሊክስፕሪንግ በሚለው የቪዲዮ ቻናል የሚታወቁት አውስትራሊያዊ የሰዓትና የመሣሪያ ባለሙያ ይህን ዕቃ እንደገና ለመሥራት ተነሡ፤ የጥንቱ ሰው ምን ሊጠቀም ይችል ነበር ብለው በመጠየቅም ሞረድን የመሰለ ቀላል መሣሪያ ሳይቀር ጥርስ በጥርስ በእጃቸው ቆርጠው ሞከሩ። ሥራው ግድ ወደሚል ጥያቄ አመራቸው፦ በቀን መቁጠሪያው ቀለበት ላይ ስንት ቀዳዳ ልብሳ? የተለመደው መልስ እንደ ግብፃውያኑ ዓመት 365 የሚል ነበር። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የቀሩትን ቀዳዳዎች ርቀት ለክተው በ2020 በብሪታንያ የሰዓት ሠሪዎች ተቋም መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ቁጥሩ 354 ሊሆን ይገባል፣ ቀለበቱም የጨረቃን ዓመት የሚቆጥር ነው አሉ። በ2024 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስታቲስቲክስ መንገድ ሲመረምሩት 354 ወይም 355 ከሌላው ቁጥር ሁሉ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ አገኙት። ሁሉም ሊቅ በዚህ ላይስማማ ይችላል። ለእኔ ክርክር የሚበቃው ግን ጥያቄው ከመሥሪያ ጠረጴዛ መነሣቱ ነው፤ ቀዳዳ ለመብሳት የተዘጋጀ ሰው ቁጥሩን በግምት ማለፍ አይችልም።

አራተኛው ተቃውሞ ሥር ነቀል ነው፦ ስልክ ሰዓት በሚነግርበት ዘመን በሞላ የሚሠራ ሰዓት ራሱ ምን ያደርጋል? ሰዓት ማየት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ምንም አያደርግም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ሰዓቶቹ አሉ፤ በየሰው መሳቢያና ክንድ ላይ፣ በየቤተሰቡ የአባት መታሰቢያ ሆነው። ሊጠገኑ የሚችሉ ዕቃዎች ናቸው፤ መለዋወጫ ግን እየጠበበ ነው። ትልቁ የስዊዘርላንድ የሰዓት ቡድን ከ2015 መጨረሻ በኋላ ለመለዋወጫ ጅምላ ሻጮች ማቅረቡን አቁሟል፤ ከፋብሪካ ጋር ስምምነት የሌለው ጥገና ሠሪ የሚፈልገውን ክፍል ማግኘት እየከበደው መጥቷል። ክፍል የማይሸጥለት ሰው ያለው ምርጫ ወይ ደንበኛውን መመለስ ወይ ክፍሉን መሥራት ነው፤ ለመሥራት ደግሞ መሣሪያ ይፈልጋል። ዩኔስኮ በ2020 የስዊዘርላንድንና የፈረንሳይን የመካኒካል ሰዓት ሥራ ጥበብ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ማስገባቱ ክብር ነው፤ ይሁንና መዝገብ ዘንግ አይቆርጥም።

ኢንዱስትሪው ራሱም ይህን የተረዳ ይመስላል። ሮበርት ግሩቤል፣ ስቲፈን ፎርሲና ፊሊፕ ዱፉር የተባሉ ስመ ጥር ሰዓት ሠሪዎች “የአንድ ሰዓት ልደት” በሚል ፕሮጀክት የፓሪሱን የሰዓት ሥራ መምህር ሚሼል ቡላንዤን ይዘው፣ በእጅና በእግር በሚንቀሳቀሱ አሮጌ መሣሪያዎች አንድ ሰዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሠሩ አስተማሯቸው። መምህር የመረጡት እውቀቱ ወደ ተማሪዎች እንዲሻገር ብለው ነው። የመጀመሪያው ሰዓት በ2016 በሆንግ ኮንግ ጨረታ ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ዋጋው ያስደንቃል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነገር ነው። በሰዓት አገር፣ በሙያው አናት ላይ ያሉ ሰዎች፣ አንድ የሙያ መምህር በእጅ ሰዓት እንዲሠራ ለማድረግ ዓመታት የፈጀ ልዩ ፕሮጀክት ካስፈለጋቸው፣ እውቀቱ ምን ያህል ወደ ገደል አፋፍ ደርሶ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ይህ የባለጸጋ ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ። ታዋቂ ስም ያለው፣ ሙሉ ሣጥኑ ያለ ቶርኖ ውድ መሆኑ አይካድም። ብዙው ሥራ ግን የሚጀመረው በሞረድ፣ በትንሽ ሞርሳ፣ በአንድ ቁራጭ ናስና ማንም ባልፈለገው የዛገ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ሥራ የካቻቢቴ አፍ በትክክል መሳል ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የመምቻ እጀታ፣ ከዚያ መምቻው። በዚህ ሙያ አንዱ መሣሪያ ሌላውን ስለሚወልድ፣ ገንዘብ የሌለው ጊዜውን ከፍሎ ወደፊት መሄድ ይችላል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በላንካሸር የነበረው መሣሪያ ሠሪ ቤተሰብም በጎጆው ውስጥ ከዚህ ብዙ የተሻለ ነገር አልነበረውም። የአካባቢው ሞረዶችና የሰዓት መሣሪያዎች ግን በመላው አውሮፓ ይፈለጉ ነበር።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ በፒያሳና በመርካቶ በሞላ የሚሠራ ሰዓት የሚጠግኑ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ፤ የሚሠሩበት መሣሪያ ደግሞ በየሱቁ አዲስ የሚገኝ አይደለም፤ አብዛኛው ካለፈው ትውልድ የተቀበሉት ነው። ውጭ አገር ያለው አንባቢ በየሳምንቱ ገበያ የሚያልፍባቸው የዛገ ብረት ሣጥኖች ውስጥ እነሱ የሚፈልጉት መምቻ ወይም የዣኮ መሣሪያ ሊኖር ይችላል። አገር ቤት ያለው ደግሞ ሰዓት ሠሪ አባት ወይም አያት ከነበሩት፣ ቁራሌው በራፍ ላይ ሲጣራ ያንን ሣጥን በኪሎ አይስጥ። ይክፈተው፤ ፎቶ ያንሣው፤ የትኛው ለምን ያገለግል እንደነበር የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ጠይቆ ይጻፈው፤ ከዚያ ዕቃውን ሊሠራበት ለሚችል ሰው ይስጠው።